ማንም እንዳይጠይቃት

መነጽር ሠሪው ለቅዳሜ መዘጋጀት የሚጀምረው ሐሙስ ነው። ሐሙስ ከሥራ እንደገባ ቤቱን ይጠርጋል፣ ዓርብ ደግሞ የጠረገውን መልሶ ይጠርገዋል። በመሃል ያቆሸሸ ሰው የለም። ከእሱ በቀር እግሩን የሚያነሳ ፍጡር የሌለበት ቤት ምን ይቆሽሻል፤ አቧራው እንኳ ሰልችቶት ቀስ ብሎ ነው የሚያርፈው። ቴሌቪዥኑን የሚከፍተው ለማየት አይደለም፣ ሌላው ክፍል ውስጥ ሰው ያለ እንዲመስለው ነው። አንዳንዴ ከመታጠቢያ ቤት ሆኖ «ምን አልክ?» ይለዋል፤ ከዚያ በራሱ ያፍራል።

ነርሷ ሚስቱ ሁለቱን ሴት ልጆች ይዛ ከወጣች ዓመት አልፏታል። የቀድሞ ሚስቴ ማለት ነበረበት፤ ምላሱ ግን ለዚህ ቃል እስከ ዛሬ አልተገራም። አልተደባደቡም፣ ስም አልተጠፋፉም፤ አንድ ቤት ውስጥ እየኖሩ መነጋገር ያቆሙ ሰዎች እንደሚለያዩት ተለያዩ። ልጆቹ ቅዳሜ ጠዋት ይመጣሉ፣ እሁድ ከሰዓት ይመለሳሉ። ትልቋ አሥር ዓመቷ ነው፤ ኬክ ሲቆረስ ማን ጋ እንዳነሰ አይታ የምትፈርደው እሷ ስለሆነች ዳኛዋ ይሏታል። የአምስት ዓመቷ ታናሽ ከወንበር ወንበር ስትዘል ነው የምትውለው፤ ፌንጣ ተብላ ቀርታለች። ሰውየው የሚኖረው እነሱ ሲመጡ ነው፤ ሌላውን ቀን ይጠብቀዋል እንጂ አይኖረውም።

አሁን ግን ቅዳሜና እሁዱም ሊወሰድበት ነው። ነርሷ በአውቶቡስ ሙሉ ቀን የሚያስኬድ ከተማ ውስጥ ወዳለ ሆስፒታል ተዛውራለች፤ ልጆቹን ይዤ እሄዳለሁ ብላለች። እሱ አይሆንም አለ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዳኛው ትልቋ ለመጠየቅ ደርሳለች፣ ታናሿም ከእህቷ አትለይም ብለው ጉዳዩን በልጅቷ አፍ ላይ አንጠለጠሉት። ሰኞ ከሰዓት ከፍርድ ቤቱ የተመደበች የልጆች ጉዳይ ባለሙያ እናትየው ቤት ትመጣለች፤ ልጅቷን ለብቻዋ አስቀምጣ ከእናትሽ ነው ከአባትሽ ብላ ትጠይቃታለች። ያለችው ይሆናል።

ዓርብ ዕለት ጠበቃው መነጽር ቤቱ ጓዳ ድረስ ደወለለት። ሰውየው ውኃ እየፈሰሰበት በሚሽከረከረው ድንጋይ ላይ የመስታወት ጠርዝ እየሳለ ነበር።

«ስማኝ ወንድሜ» አለው ጠበቃው፣ «ነገ ሲመጡልህ ትልቋን በዘዴ ጠይቃት። ምን ልትል እንዳሰበች እንወቀው። ካንተ ጋር ካለች እሰየው፤ ካላለች ደግሞ እስከ እሁድ ጊዜ አለህ።»

«ጊዜ ለምን?»

«ልጅ አይደለች እንዴ? ብስክሌት ትወድ ይሆናል። ይሄን ደግሞ እኔ ላስተምርህ?»

መነጽር ሠሪው «እሺ» አለ። እሺ ያለው ተስማምቶ ነው፤ እዚህ ላይ ሰውየውን ከሆነው በላይ ማሳመር አያስፈልግም። ልጆቹን ለማስቀረት ብስክሌት ቀርቶ ሌላም ይገዛ ነበር።

ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሃል ወትፎ ሲያወራ ታዲያ የእጁን ሥራ ረሳው። የያዘው የአንድ ሹፌር የፀሐይ መነጽር ነበር፤ የአስፋልትና የውኃ ነጸብራቅ የሚቆርጠው ዓይነት። የዚህ ዓይነቱ መስታወት ቀጥ ብሎ የሚቆምበት የራሱ አቅጣጫ አለው፤ ሲቆረጥ አቅጣጫውን ከሳተ ደህና መስሎ ይገጠምና ጉዱ በኋላ ይወጣል። ሹፌሩ ከሰዓት ተመልሶ መጣ። «በግራ ዓይኔ ስልኬ ይታየኛል፣ በቀኝ ዓይኔ ጠፍቷል» አለ። «ወይ ስልኩ ታሟል ወይ እኔ።» ይቅርታ ጠይቆ ሌላ ቆረጠለት። የተበላሸውንና ቀደም ብለው የተጫጫሩ የዚሁ ዓይነት ሁለት መስታወቶችን ግን አልጣላቸውም፤ በመሐረብ ጠቅልሎ ለልጆቹ ያዘላቸው።

ምክንያት ነበረው። ባለፈው ቅዳሜ ዳኛዋ አንድ ሰውዬ በቴሌቪዥን አንድ ነገር በአንድ ጊዜ ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል ሲል ሰምታ፣ «አባዬ፣ እውነት ነው?» ብላው ነበር። እሱ ፊዚክስ ጀምሮ ሳይጨርስ ከኮሌጅ የወጣ ሰው ነውና ጥያቄው ደስ አሰኘው፤ ልጁ ከእሱ ብቻ ልትሰማው የምትችለው ነገር መገኘቱ ደግሞ ይበልጥ ደስ አሰኘው። «ለሳምንት በዓይንሽ አሳይሻለሁ» አላት። ሳምንቱን ሙሉ እራቱን እየሠራ ማቀዝቀዣው ፊት ቆሞ ሲያስረዳ ከረመ። ማቀዝቀዣው ሲያንጎራጉር ያልገባው እየመሰለው ከመጀመሪያው ይጀምርለታል።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ ጎተተ። ፌንጣ ወንበር ላይ ቆመች። ዳኛዋ ሶፋው ላይ ተጋድማ ሆዷን ይዛለች፤ ሲመጡም ሆዷን እንደያዘች ነበር፣ ምሳዋንም በቅጡ አልበላችም።

«ብርሃን እንደ ውኃ ዝም ብሎ የሚፈስ አይምሰላችሁ» ብሎ ጀመረ። «በደንብ ቢያዩት ጥቃቅን ፍሬ ነው። አንዱ ፍሬ ቆሞ ይመጣል፣ አንዱ ተጋድሞ ይመጣል።»

«እንደ እኛ» አለች ፌንጣ። «እኔ ቆሜ፣ እሷ ተጋድማ።»

«ልክ ነሽ። ይሄ መስታወት ዘበኛ ነው። የቆመውን ብቻ ያሳልፋል።» መስታወቱን ለመስኮቱ ደገነው፤ ሰማዩ ትንሽ ጠየም አለ። «ይሄኛው ዘበኛ ደግሞ የተጋደመውን ብቻ ነው የሚያሳልፈው።» ሁለተኛውን በመጀመሪያው ላይ ደርቦ ቀስ እያለ አዞረው። መስኮቱ እየጨለመ እየጨለመ ሄዶ ድርግም አለ።

ፌንጣ መስታወቱን ነጥቃው ጀርባውን አየች፤ የሆነ ነገር የደበቀ መስሏት ነው።

«ምንም አልደበቅኩም። አንደኛው የቆሙትን ብቻ አሳለፈ፣ ሁለተኛው የቆመ አልቀበልም አለ፤ አለቀ፣ ማንም አላለፈም። አሁን እዩ።» ሦስተኛውን መስታወት ገደድ አድርጎ በሁለቱ መሃል ሰካው። የጨለመው ቦታ ወለል ብሎ በራ፤ የጎረቤት ግድግዳ፣ የተሰጣ ልብስ፣ ቱቦ ላይ የተቀመጠች እርግብ ታዩ።

ዳኛዋ ከሶፋው ተነሳች። መጥታ ሦስተኛውን አወጣችው፣ ጨለመ። መለሰችው፣ በራ።

«ዘበኛ ጨምረህ እንዴት ብዙ ሰው ያልፋል?» አለች።

ማቀዝቀዣው ሳምንት ሙሉ ያልጠየቀው ጥያቄ ይሄ ነበር። ሰውየው ደስታው ፊቱ ላይ ፈሰሰ።

«እስቲ ያዘመመ ፍሬ አስቢ። ቆሟል ወይስ ተጋድሟል?»

«አዝምሟል።»

«ዘበኛው ግን አዝምሟል የሚባል መልስ አያውቅም። ወይ ቆሜያለሁ በል ወይ ተጋድሜያለሁ በል ነው የሚለው።»

«እንግዲያው በሆዱ አንዱን ሆኗል፤ እኛ ነን ያላወቅን።»

«አይደለም። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። አልደበቀንም። ሁለቱንም ነው የሆነው። እስኪጠየቅ ድረስ ቆሞም ነው፣ ተጋድሞም ነው፤ አንዱ እውነት ሌላው ውሸት አይደለም።»

«ሲጠየቅስ?»

«አንዱን ይሆናል። የትኛውን እንደሚሆን ግን ራሱም አስቀድሞ አያውቅም። መሃል የገባው ዘበኛ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው የሚጠይቀው፤ ወደ ቀኝ ነው ያዘመምከው ወደ ግራ ይላል። ወደ ቀኝ ብሎ ያለፈው መቆሙን ይረሳል። የመጨረሻው ዘበኛ ጋ ሲደርስ እንደገና ሁለቱንም ሆኖ ይደርሳል፤ ግማሹ ያልፋል።»

ፌንጣ ይሄኔ ከወንበሩ ዘልላ ወርዳ ሌላ ወንበር ላይ ወጥታለች። ዳኛዋ ግን ንቅንቅ አላለችም።

«ያልሆነውስ?» አለች።

«የቱ?»

«ቆሜያለሁ ካለ፣ ተጋድሞ የነበረው እሱ የት ይሄዳል?»

«የትም። ይጠፋል። ከዚያ ወዲያ ብትፈልጊውም አታገኚውም።» ፊቷ ዳመን ሲል አየና ቶሎ ብሎ ጨመረበት። «ይሄ ግን የጥቃቅን ነገር ጠባይ ነው። ወንበርና ሰው እንዲህ አይሆንም። ትልቅ ነገርን አየሩም ብርሃኑም ሲነካካው፣ ሲጠይቀው ነው የሚውለው፤ ፋታ አይሰጠውም።»

«እኔንም ፋታ አይሰጡኝም።»

«እነማን?»

«ሁሉም። አክስቴ፣ መምህሬ፣ ታች ቤት ያለችው ሴትዮ። ከማን ጋር ልትሆኚ ነው ይሉኛል።»

ሰውየው ክው አለ። ጠበቃው በዘዴ ያለው ይሄንን ነበር። «እና ምን ልትያቸው አሰብሽ?» ማለት ብቻ ነው የቀረው፤ ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ዳኛዋ አፉን አየችው። ከዚያ ሆዷን ያዘችና «መጣሁ» ብላ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄደች። ነገ እጠይቃታለሁ ብሎ መስታወቶቹን በመሐረቡ ጠቀለለ።

እሁድ ጠዋት ዳቦ ገዝቶ ሲመለስ ቤቱ ጭር ብሏል። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል፣ ጫማዎቻቸው በሩ ሥር ናቸው፣ ልጆቹ ግን የሉም። ተጣራ፤ መልስ የለም። የሰኞ ዝምታ ያለ ቀኑ የገባ መሰለው። ከዚያ ከመኝታ ክፍሉ ቁም ሳጥን ውስጥ ብስኩት ሲቆረጠም ሰማ።

በሩን ሲከፍተው ካፖርቱና ሱሪዎቹ መሃል ተቃቅፈው ተቀምጠዋል። የፌንጣ ጉንጭ በብስኩት ተወጥሯል።

«እኔ ዝም ብያለሁ እኮ» አለች ለእህቷ። «ብስኩቱ ነው የጮኸው።»

«ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«እየተለማመድን ነው» አለች ዳኛዋ። «ነገ ሴትዮዋ ስትመጣ ቁም ሳጥን ውስጥ እንገባለን። እማዬ ቤት ያለው ከዚህ ይሰፋል። እስክትሄድ አንወጣም።»

«ለምን?»

«ካልጠየቀችኝ ሁለቱንም ሆኜ እቀራለሁ። አንተ ነህ ያልከው።»

ሰውየው ዳቦውን እንደያዘ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። «ሰው እንዲህ አይሆንም ብዬሽ አልነበር?»

«ብለኸኛል። እኔ ግን ሆኛለሁ።» የካፖርቱን ቁልፍ ይዛ ማዞር ጀመረች። «እማዬ ስትጠይቀኝ ካንቺ ጋር እላታለሁ። አንተ ብትጠይቀኝም ካንተ ጋር ነው የምልህ። እያታለልኩ አይደለም አባዬ። ሁለቱም እውነት ነው። ሴትዮዋ ግን አንዱን ብቻ ነው የምትቀበለኝ። ያላልኩት ይጠፋል፤ ያጠፋሁት ደግሞ እኔ ነኝ ማለት ነው።»

«እኔ የትም አልጠፋም።»

«በአውቶቡስ ሙሉ ቀን ነው» አለች።

ሳምንት ሙሉ የተዘጋጀበት ትምህርት ልጁን ቁም ሳጥን ውስጥ አስገብቷት አረፈው። የተሳሳተ ነገር አልነገራትም፣ እሷም ክፉኛ አልተሳሳተችም፤ የተሸከመችው ነገር ለአሥር ዓመት ትከሻ አይደለም፣ ይኸው ነው። እሱ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ ይህንኑ ሸክም በዘዴ ሊያወርድላት ሳይሆን በዘዴ ሊፈትሸው ነበር የሚያደባው። በራሱ ተናደደ። «ኑ ውጡ፣ ዳቦው ሳይቀዘቅዝ» ብሎ አወጣቸው፣ ሻይ ቀድቶላቸው ስልኩን ይዞ ደረጃው ላይ ወጣ።

ደረጃው ላይ ብዙ ቆየ። ሁለቱም አንለቅም ካሉ ልጅቷ ትጠየቃለች፤ አንዳቸው ከለቀቀ ግን ጥያቄ የለም። እናትየው እንደማትለቅ ያውቃል፤ መልቀቅም የለባትም። ቅዳሜ የሌለበትን ሳምንት አሰበው። ሐሙስ ምን ሊጠርግ ነው? እንባው መጣ፤ አንድ ጎረቤት በጎኑ ሲያልፍ ጫማውን የሚያስር መስሎ አጎነበሰ። ከዚያ ደወለ።

«ይዘሻቸው ሂጂ» አላት።

ነርሷ ደነገጠች። «ልጆቹ ምን ሆኑ?»

«ምንም አልሆኑም። ነገ ግን ሴትዮዋ አትምጣ። ጠዋት ለጠበቃሽ ንገሪው፣ እኔም ለኔው እነግረዋለሁ። ተስማምተናል እንበል። ልጅቷን ማንም አይጠይቃት፤ አንቺም አትጠይቂያት።»

«ትናንትና እስከ መጨረሻው እሟገታለሁ ስትል አልነበር? ምን አግኝተህ ነው?» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ጥርጣሬ ነበር። «ሌላ ሰው አለ?»

እዚያው ደረጃው ላይ ሳቀ፤ ሳይወድ ነው የሳቀው። «እስቲ መጥተሽ ቤቴን እይው» አላት። ከዚያ ስለ ቁም ሳጥኑ ነገራት። ነርሷ አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማት።

«ያላልኩት ይጠፋል አለች?»

«አዎ። እኔ የለቀቅኩት ለሷ ብዬ እንደሆነ ግን እንዳትነግሪያት። ካወቀች መልሳ እሷው የወሰነችው ይሆንባታል።»

«ተወን ብላ ብታስብስ?»

«ታስብ» አለ። በቀላሉ ያለው ይመስላል፤ ቀላል አልነበረም።

ምሳ ላይ ነገራቸው። ነገ ጠያቂ እንደማትመጣ፣ እሱና እናታቸው ተነጋግረው እንደጨረሱ፣ ከእናታቸው ጋር እንደሚሄዱ፣ ትምህርት ሲዘጋ ደግሞ እሱ ጋ እንደሚመጡ። ፌንጣ አዲሱ ቤት ደረጃ እንዳለው ጠየቀች። ዳኛዋ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ሴትዮዋ አትጠይቀኝም?»

«አትጠይቅሽም።»

«እማዬስ?»

«እማዬም።»

ትከሻዋ ወረደ። ልጅ ሲቀለው ደግሞ መደበቅ አይችልም፤ ፓስታዋን ጨርሳ ድጋሚ አለች፣ ድጋሚውንም ጨረሰች። ሆዷን አልያዘችም። ሰውየው ስትበላ እያያት እሱ መብላቱን እንኳ ረሳ። በዚያች ሰዓት ያደረገው ነገር አልቆጨውም።

ጫማቸውን ሲያደርጉ ግን ዳኛዋ ቀና አለች። ነገርን ሳታጣራ የምትተው ልጅ አይደለችም።

«አንተን ጠይቀውህ ነበር?»

«እ?»

«እኔን ካልጠየቁኝ አንተን ጠይቀውሃላ።»

«አዎ» አለ።

«ምን አልካቸው?»

ሊዋሽ ይችል ነበር። ፍርድ ቤቱ ነው ቢላት ታምነዋለች። ግን ከዓመት በኋላም ቢሆን እናቷን ጠይቃ ትደርስበታለች፤ ያኔ ውሸቱም ይጨመርበታል። «ከእናታቸው ጋር ይሂዱ አልኩ» አላት።

ዳኛዋ ማሰሪያዋን እንደያዘች ቀረች። አየችው፤ ኬክ ሲቆረስ ያነሰበትን ስትፈልግ እንደምታየው ሳይሆን፣ የማታውቀው ሰው በር እንደከፈተላት ነበር ያየችው። «እሺ» አለች። ሌላ ምንም አላለችም። ነርሷ መጥታ ደጅ ላይ ስትቆም ፌንጣ አንገቱ ላይ ተንጠልጥላ ጉንጩን ሳመችው፤ ዳኛዋ ጉንጯን ሰጥታው የእህቷን ቦርሳ አነሳች። ነርሷ በልጆቹ ራስ ላይ አሻግራ አየችው፤ ዓይኗ ቀልቷል። ዳኛዋን ሊያጽናናት የሚችል አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረው፣ ያቺን ዓረፍተ ነገር ደግሞ መናገር አይችልም። ወርደው እስኪጠፉ ደረጃው ላይ ቆመ።

ጠበቃው ሰኞ ዕለት «ወንድሜ፣ በእጅህ የገባውን ነገር ነው የጣልከው» አለው። መነጽር ሠሪው ሥራ አለብኝ ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ከሄዱ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ በስልክ ይገናኛሉ። የሚያወራው ከፌንጣ ጋር ነው፤ ስለ ደረጃው፣ ስለ ጎረቤቱ ውሻ፣ ስለ ወለቀው ጥርሷ። «እህትሽስ?» ሲላት «እያጠናች ነው» ትለዋለች፤ አንዳንዴ ደግሞ «ተኝቻለሁ በይው ብላኛለች» ብላ እውነቱን ትነግረዋለች። እሱ ይስቃል። ከዘጋ በኋላ ስልኩን ይዞ ይቀመጣል፤ መጥረጊያው ከበሩ ኋላ አልተነሳም።

ዝናብ ሲዘንብ ያረፈደበት አንድ ቅዳሜ ግን ስልኩን ያነሳችው ዳኛዋ ሆነች። ሰላም አላለችም። የተለማመደችው ነገር እንደሆነ ከድምፅዋ ያስታውቃል።

«ቢጠይቁኝ ኖሮ» አለች፣ «ካንተ ጋር ነበር የምለው።»

እናትየው ለቃ እሱ አስቀርቷት ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ይህንኑ ቃል ለእናቷ ደውላ ትላት እንደነበር ያውቃል። ማወቁ ግን ምንም አልረዳውም።

«አውቃለሁ የኔ ልጅ» አላት።

«ታዲያ ካወቅክ ለምን ላክኸን?»

መልሱ አፉ ውስጥ ነበር። ትንሽ ጠበቀችው፤ ትንፋሽዋ ይሰማዋል፣ ከኋላዋ ደግሞ የቧንቧ ውኃ ድምፅ አለ።

«እሺ፣ ፌንጣን ልስጥህ» አለች።

ፌንጣ ስልኩን ተቀብላ ከአራተኛው ደረጃ ላይ ዘልላ ሳትወድቅ መሬት እንደደረሰች ነገረችው። «አራተኛ?» አላት፣ «አትዋሺ እንጂ።» ስትምልለት በዝርዝር ጠየቃት፣ እሷም በዝርዝር ነገረችው፤ እሱ ግን የሚያዳምጠው ከትንሿ ድምፅ ኋላ ያለውን ነበር፣ ትልቋ ገና እዚያው ቆማ እንደሆነ።